ልጅ ይዞ ወደ ሜዳ የሙዚቃ ፌስቲቫል፦ ከቲኬት ግዢ እስከ ሰኞ ጠዋት

ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ሜዳ ላይ በሚካሄድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ከልጅ ጋር መዋልም ማደርም ይቻላል። የከበሮው ንዝረት ደረቱ ድረስ ሲዘልቅ፣ ሺህ ሰው አንድ ዜማ ተቀብሎ ሲዘፍን ልጅ የሚሰማውን ስሜት በስልክ ስክሪን ልትሰጡት አትችሉም። ስለዚህ «ልጅ ከወለድን ወዲህ ኮንሰርት ቀረ» የምትሉ ወላጆች ሐሳባችሁን እንድትቀይሩ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይወሰን፦ የሁለቱን ቀን ፕሮግራም የሚያወጣው የልጁ ጉልበት እንጂ የድምፃውያኑ ዝርዝር አይደለም። በቀን አንድ የጓጓችሁለትን ዝግጅት በደንብ ካያችሁ ቀኑ ተሳክቷል። ሁለተኛው ምርቃት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት

የፌስቲቫሉን ደንብ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ማን ይዘፍናል ከሚለው በፊት የሚከተሉትን እወቁ። ልጅ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ይገባል? በነፃ ቢገባም የራሱ ቲኬት መያዝ አለበት ወይ? ጋሪ ይፈቀዳል? ከውጭ የተዘጋጀ የልጅ ምግብና የታለበ ወተት በበሩ ያልፋል? ወጥቶ ተመልሶ መግባትስ ይቻላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ልጅ ሲደክመው ወደ ማረፊያ ወስዶ አስተኝቶ ማታ መመለስ የሚቻልበት ፌስቲቫልና አንዴ ከወጡ የማይገባበት ፌስቲቫል ለወላጅ ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

ቀጥሎ የቦታውን ካርታ ፈልጉ። ለቤተሰብ ብቻ የተከለለ የድንኳን ሰፈር፣ የልጆች መጫወቻ፣ ዳይፐር መቀየሪያና ማጥቢያ ቦታ፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ፣ የሕክምና ጣቢያና ጥላ ካርታው ላይ ካሉ አዘጋጆቹ ስለ ልጆች አስበዋል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱም ካልተጠቀሰ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልስ ካልመጣም ያው መልስ ነው።

ስለ ዕድሜ የእኔን አስተያየት ልንገራችሁ። ገና የማይድኸው ጨቅላ ብዙውን ጊዜ ጡት እስካገኘና ከደረት ላይ እስካልወረደ ድረስ አይቸገርም፤ ነገር ግን ሙቀትንና ድምፅን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የጥቂት ሰዓት ቆይታ ይበቃል ባይ ነኝ። ከሁሉም አድካሚው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው ነው። መራመድ ይወዳል፣ አደጋ አያውቅም፣ የቀን እንቅልፉም ካመለጠው ለማንም አይመለስም። አራት ዓመት ካለፈው ጀምሮ ደስታው በእጅጉ ይጨምራል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ማንን ማየት እንደሚፈልግ ራሱ ይነግራችኋል፤ ያኔ ከፕሮግራሙ ላይ አንዱን እሱ ይምረጥ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የአንድ ቀን ቲኬት ይሻላል። ሙሉውን ቅዳሜና እሑድ ካላችሁም ሌላ አዋቂ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ አዋቂ ለአንድ ትንሽ ልጅ በጭንቅ ይበቃል፤ ሽንት ቤት ለመግባት እንኳን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።

2. ጆሮ

የልብስና የምግብ ጉድለት በቦታው ይሸፈናል። የጆሮ ጉዳት ግን አይመለስም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ፀጉር መሰል ሴሎች በሰው ልጅ ላይ አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም። ስለዚህ የጆሮ መከላከያ ከመሄዳችሁ ሦስትና አራት ሳምንት ቀደም ብሎ መገዛት አለበት። ለምን ቀደም ብሎ እንደሚሆን ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው። የድምፅ ጉልበት የሚለካበት ዲሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ቀጥ ብሎ አይጨምርም። በ3 ዲሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ጆሮ የሚገባው የድምፅ ኃይል እጥፍ ይሆናል። ለአዋቂ ሠራተኞች በሰፊው የሚሠራበት ልኬት በ85 ዲሲቤል ውስጥ በቀን 8 ሰዓት ነው። በ88 ዲሲቤል ይህ ወደ 4 ሰዓት፣ በ91 ወደ 2 ሰዓት፣ በ94 ወደ 1 ሰዓት ይወርዳል፤ 100 ዲሲቤል ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅቶች ባወጣው መመዘኛ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዲሲቤል ነው። ደንቡን በትክክል ያከበረ ኮንሰርት እንኳን ለአዋቂ ጆሮ የአንድ ቀን ድርሻን በሩብ ሰዓት ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። ይኸው ድርጅት በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ለሚሰሙ ሰዎች በሳምንት 40 ሰዓት ሲመክር ለአዋቂ 80 ዲሲቤል፣ ለልጅ ግን 75 ዲሲቤል ነው የሚለው። የልጅ ጣሪያ ከአዋቂው ዝቅ እንደሚል ከዚህ ተረዱት።

የሚገዛው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድነው፣ ከላይ በቀስት የተያያዘው የጆሮ መከላከያ ነው። ከፋብሪካው የተጻፈውን የመቀነስ አቅም ተመልከቱ፤ ለልጆች ከተሠሩት ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ዲሲቤል ድረስ ይቀንሳሉ። ይህ ቁጥር የተለካው በደንብ በተገጠመ ጊዜ ስለሆነ፣ በሚላወስ ልጅ ጭንቅላት ላይ ከዚያ ያነሰ ጠብቁ። ሙዚቃ መስሚያ ሄድፎን ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን ሥራ አይሠራም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛም ለትንንሾች አይሆንም። የጆሯቸው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ በትክክል አይገጥምም፣ አውጥተው ቢውጡት ደግሞ ያንቃል። ለጨቅላ የሚሆነው ለስላሳ የጨርቅ ማሰሪያ ያለው ዓይነት ነው። እሱንም ቢሆን በየመሀሉ እያነሣችሁ ጆሮው አልቦ ወይም ተጨፍልቆ እንዳይሆን እዩ።

አሁን ወደ ሦስቱና አራቱ ሳምንት ልመለስ። ልጅ የማያውቀውን ነገር ጭንቅላቱ ላይ ሲጭኑበት ያወልቀዋል፣ እናንተም መሀል ሜዳ ላይ ትከራከራላችሁ። ስለዚህ ቀለሙን ራሱ ይምረጥ፤ ቤት ውስጥ የሚጮህ ማሽን ሲሠራ አምስት ደቂቃ ያድርገው፤ ከዚያ የሚወደው ዘፈን ከፍ ብሎ ተከፍቶ አሥር ደቂቃ። እናንተም የራሳችሁን አድርጉ። አባትና እናት ያላደረጉትን ልጅ ለምን ያደርጋል? የኮፍያ ጠርዝ፣ የመነጽር ዘንግ ወይም ወፍራም ሹሩባ በመከላከያውና በቆዳው መካከል ከገባ ድምፁ በዚያ በኩል ያልፋል። ይህንንም ቤት ሳላችሁ ሞክሩት።

መከላከያ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለተኛው መሣሪያችሁ ርቀት ነው። በክፍት ሜዳ ከአንድ ስፒከር ያላችሁን ርቀት እጥፍ ስታደርጉት ድምፁ እስከ 6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ትልልቅ መድረኮች ላይ ተደርድረው የሚሰቀሉት ስፒከሮች ድምፅን አርቀው እንዲወረውሩ የተሠሩ ስለሆኑ ቅነሳው ከዚህ ያንሳል፤ ስለዚህ ከልባችሁ ራቁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ በሰፋፊ ሜዳዎች ከመድረኩ ርቀው መሀል ላይ የሚተከሉ ተጨማሪ የስፒከር ማማዎች አሉ። ወላጆች ከመድረኩ ርቀናል ብለው በትክክል ከእነሱ ሥር ብርድ ልብስ ያነጥፋሉ። ከመቀመጣችሁ በፊት ዙሪያችሁን ቀና ብላችሁ እዩ።

መለኪያ ባይኖራችሁ እንኳን በእጅ ርዝመት ላለ ሰው ለመናገር መጮኽ ካለባችሁ ቦታው ያለ መከላከያ ለጆሮ አደገኛ ነው። የስልክ ድምፅ መለኪያ አፕ ግምት ብቻ ቢሆንም ለማወዳደር ይረዳል። በየሰዓቱ ለሩብ ሰዓት ያህል ወደ ጸጥታ ቦታ ውጡ። የማይለወጠው ሕግ ደግሞ ይህ ይሁን፦ መከላከያው ከወለቀ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ሳትቆጡ፣ ሳታስፈራሩ፣ ተነሥታችሁ ሂዱ። ልጁ ሁለቴ ካየው ሦስተኛ አያወልቅም።

3. ምን ይዞ፣ በምን ተሸክሞ

ጋሪ ሣር ላይና ሰው ባልበዛበት መንገድ ጥሩ ነው። ጭቃ ሲሆን ትንንሽ ጎማ ያለው ጋሪ ይቀራል። ሰው ሲጨናነቅ ደግሞ በጋሪ ያለ ልጅ በጉልበትና በሲጋራ ቁመት ላይ ይገኛል፤ አየር ያጥረዋል፣ ምንም አያይም። ወፍራም ጎማ ያለው የሚጎተት ሠረገላ ከተፈቀደ ከሁሉም ይመረጣል፤ ቀን ዕቃ ይጭናል፣ ማታ አልጋ ይሆናል፣ ትንሽ መብራት ከታሰረበት በጨለማም ይታያል። ለጨቅላ አንቀልባ ወይም የደረት ማዘያ ምንጊዜም ይኑራችሁ። በማዘያ ውስጥ ያለ ሕፃን ፊቱ ይታይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይደፋ፤ ከተደፋ የአየር መተላለፊያው ይጠባል።

ልብስ በድርብርብ ይሁን። ቀን የሚያቃጥል ሜዳ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ለቀን ሁለት ሙሉ ቅያሪ ያዙ፣ እያንዳንዱን ቅያሪ በየራሱ ላስቲክ አሽጉት፤ እርጥቡን የምትመልሱበትም እሱ ይሆናል። ከላይ የሚለበሰው ደማቅና አንድ ወጥ ቀለም ያለው ይሁን። ጫማው የተሸፈነ ይሁን፤ ሜዳው ላይ ስባሪ ብርጭቆና የድንኳን ካስማ አይጠፋም። ጃንጥላ ብዙ ቦታ ስለሚከለከል ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል።

ፀሐይን በተመለከተ፦ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ኤስፒኤፍ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። ጆሮ፣ ማጅራትና የእግር ጀርባ በብዛት ይረሳሉ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ክሬም ሳይሆን ጥላ ነው የሚያስፈልገው። ፀሐይ እንዳይነካው ብላችሁ ግን ጋሪውን በጨርቅ አትሸፍኑ። ጨርቁ ስስ ቢሆንም ውስጡ በፍጥነት ይሞቃል፣ ልጁም አይታያችሁም። የነፍሳት መከላከያ ካስፈለገ ክሬሙ አስቀድሞ፣ መከላከያው ከላይ ይቀባል። ዲት (DEET) የተባለው ነፍሳት አባራሪ ኬሚካል ያለበት መከላከያ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይደረግም።

ቦርሳው ውስጥ ውሃ፣ ለመብላት የማያስቸግር ደረቅ ምግብ፣ ከምትገምቱት በላይ ዳይፐርና እርጥብ ሶፍት፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወርባንክ፣ ፕላስተር፣ ቴርሞሜትር፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት) ይግባ። የትኩሳት መድኃኒት ስትይዙ የልጁን መጠን በክብደቱ ልክ አስቀድማችሁ ከፋርማሲ ጠይቁና በጠርሙሱ ላይ ጻፉት፤ ሌሊት ድንኳን ውስጥ በባትሪ ብርሃን ሒሳብ አይሠራም። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለው ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ያዙ። አለርጂ ካለበት ከናንተ ጋር ያለው ሌላ አዋቂም ይወቀው። ሽንት ቤት መጠቀም ለጀመረ ልጅ ትንሽ ፖፖ ያዙ። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ልጅ የሚገባባቸው አይሆኑም።

4. የምታድሩ ከሆነ

ድንኳኑን ከጉዞው በፊት አንድ ጊዜ ተክላችሁ ንቀሉት፤ ልጁም ውስጡ ይጫወት። ቦታ ስትመርጡ ከዋናው መተላለፊያ፣ ከጄኔሬተርና ውሃ ከሚተኛበት ዝቅታ ራቁ። ለሽንት ቤቱ ቅርብ ሁኑ፣ ግን ሽታው የማይደርስበት ያህል። ድንኳኑ አናት ላይ ከሩቅ የሚታይ ባንዲራ ወይም ሪባን እሰሩ፤ ማታ ሁሉም ድንኳን አንድ ነው። ገመዶቹ ላይም ነጭ ጨርቅ እሰሩ፤ ሮጦ የሚመጣ ልጅ ገመድ አያይም።

ብርድ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው። ከልጁ በታች የሚነጠፈው ከላዩ ከሚለብሰው ይበልጥ ወፍራም ይሁን። ቤት የሚተኛበትን አንሶላ ወይም አቅፎት የሚያድረውን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ የመኝታ ሥርዓቱንም አትለውጡ። ተረት የምታነቡለት ከሆነ እዚያም አንብቡለት።

ይህንን ደግሞ በጥብቅ እናገራለሁ፦ ከሰል፣ ምድጃ ወይም የጋዝ ማብሰያ ድንኳን ውስጥም ሆነ በድንኳኑ መግቢያ አይግባ። የጠፋ የሚመስል ከሰል እንኳን ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ልጅ ከበረደው ልብስ ደርቡለት፣ አቅፋችሁት ተኙ።

5. የመጀመሪያው ሰዓት

በብርሃን ድረሱ። በሩ እንደተከፈተ ያለው ሰዓት ለልጅ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ሰው ጥቂት፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ፣ ወረፋው አጭር ነው። መጀመሪያ መድረክ አትፈልጉ። ልጁን ይዛችሁ ሜዳውን ዙሩ፣ ሦስት ቦታ በእጅ አሳዩት፦ ውሃው፣ የሕክምና ጣቢያው፣ የምንገናኝበት ቦታ። የመገናኛው ቦታ የማይንቀሳቀስና ከፍ ያለ ነገር ይሁን። ምግብ የሚሸጥ መኪና ወይም ባሎን ከሰዓት በኋላ ቦታውን ሊለቅ ይችላል።

ከዚያ የልጁን ፎቶ አንሡ፤ ከራስ እስከ እግር፣ ዛሬ በለበሰው ልብስ፣ ዛሬ ጠዋት። ልጅ ሲጠፋ ወላጅ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው የሹራብ ቀለም አያስታውስም። በእጁ አምባር ላይ ወይም በክንዱ ቆዳ ላይ በማይለቅ ብዕር የሁለታችሁን ስልክ ቁጥር ጻፉ። የልጁን ስም በሚታይ ቦታ አትጻፉ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ልጅ በቀላሉ ይከተላል። አዘጋጆቹ የልጆች አምባር የሚሰጡ ከሆነ ተቀበሉ፣ ያልተመዘገበ ልጅም እዚያው ይመዝገብ።

ለልጁም ትምህርቱ አጭር ይሁን። «ካላየኸን ባለህበት ቁም። ስማችንን ጮኸህ ጥራ። ከቆየን ሰደርያ ወይም ባጅ ያለው ሠራተኛ፣ እሱን ካጣህ ልጅ የያዘች እናት ፈልግ። ከማንም ጋር ከሜዳው አትውጣ።» ይህን ሁለት ሦስቴ አስደግሙት፤ ከዚያ ሠራተኞቹን በጣት እያሳያችሁ «ይኼኛውስ?» እያላችሁ ጠይቁት። ጨዋታ ይመስለዋል፣ ይያዝለታልም። እናትና አባት ሙሉ ስማቸውን ልጃቸው እንደሚያውቅ ያረጋግጡ፤ ብዙ ትንንሽ ልጆች ስማችሁን ሲጠየቁ «እማዬ» ይላሉ።

6. ልጅ ከዓይን ከተሰወረ

እግራችሁ እንዲሮጥ አትፍቀዱለት። አንዱ አዋቂ ልጁ መጨረሻ የታየበት ቦታ ላይ ይቁም፣ ከዚያም አይነቃነቅ። ሌላው ወደ ቅርቡ ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ወዲያው ይሂድ። «ትንሽ እንፈልገውና» ብሎ መቆየት የለም፤ ሠራተኞቹ ሬዲዮ አላቸው፣ በሮቹንም ማሳወቅ ይችላሉ። የጠዋቱን ፎቶ አሳዩ።

በዙሪያችሁ ላሉት ሰዎች ደግሞ የልጁን ስም ብቻ አትጥሩ። መልኩን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «የአምስት ዓመት ልጅ፣ ቢጫ ሹራብ፣ ሰማያዊ የጆሮ መከላከያ!» ስም ሰሚውን ምንም አያሳየውም፣ ቢጫ ሹራብ ግን መቶ ሰው ዞር ብሎ እንዲፈልግ ያደርጋል። ደማቅ አንድ ወጥ ቀለም ያልኳችሁ ለዚህም ነበር። ሕዝብ በበዛበት ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ጥሪ እንቢ ሲል አጭር መልእክት ሞክሩ፤ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የመገናኛው ቦታ አስቀድሞ መወሰኑ ከስልክ ይበልጥ ያስተማምናል።

ልጁ ሲገኝ አትቆጡት። የቆመበት ቦታ ላይ ከተገኘ አመስግኑት፤ የታዘዘውን አድርጓል።

7. ቀኑ እንዴት ይሂድ

ጠዋቱን ለልጁ ስጡት፤ መጫወቻው፣ የእጅ ሥራው፣ ትንንሾቹ መድረኮች። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ምሳና የቀን እንቅልፍ እዚህ መሀል ይውደቁ። ትልቁ ልጅም ባይተኛ ጋደም ይበል። የምትፈልጉት ዝግጅት ምሽት ላይ ከሆነ ይህ ዕረፍት ነው የሚያደርሳችሁ።

ውሃ ሳይጠይቅ ስጡት። የሚጫወት ልጅ ጥማቱን ይረሳል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ውሃ አይሰጥም፤ ሙቀት ሲበረታ ጡት ወይም የዱቄት ወተቱን ደጋግማችሁ ስጡ። ስድስት ሰዓት ያህል ያልሸና፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ አፉ የደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው ልጅ ፈሳሽ አንሶታልና ወደ ሕክምና ጣቢያው ውሰዱት። ከመብላት በፊትና ከሽንት ቤት በኋላ እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። የአልኮል ሳኒታይዘር ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ በሚገባ አይገድልም፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ደግሞ ይህ ቫይረስ በቀላሉ ይዛመታል። ከቤት የመጣ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣል።

8. ወደ መድረኩ ስትጠጉ

ከልጅ ጋር ከመድረክ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ አጠገብ አይቆምም። ምክንያቱ ድምፁ ብቻ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አምስት ሰው ሲደርስ መንቀሳቀስ ይከብዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰዉ በራሱ ፈቃድ መራመዱ ይቀርና ግፊቱ ከአካል ወደ አካል እየተላለፈ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል። ልጅን ወደ ላይ ማንሣት እንኳን የማይቻልበት ሁኔታ ነው። የትከሻችሁ ሁለት ጎን በሰው ከተነካ ሰዓቱ ሳይረፍድ በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ፤ ግፊቱን ፊት ለፊት አትግፉት።

የቤተሰብ ቦታ ከኋላና ከጎን ነው፣ ጀርባችሁ ወደ መውጫው መንገድ። መሬቱ ትንሽ ከፍ ካለ ልጁም ያያል። ትከሻ ላይ ስታወጡት ከኋላችሁ ላለው ሰው መከለላችሁን አስቡ፣ ዳር ሆናችሁ አድርጉት፣ ለአንድ ዘፈን ብቻ። ዝግጅቱ ሊያልቅ ሁለት ዘፈን ሲቀረው ተነሡ። የመጨረሻውን ዘፈን እየሄዳችሁም ትሰሙታላችሁ፤ ሺህ ሰው በአንዴ ወደ በሩ ሲዞር ግን እናንተ ቀድማችሁ አልፋችኋል።

9. ሙቀት፣ ነጎድጓድ፣ ንፋስ

ሙቀት የጎዳው ልጅ ይፈዝዛል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያልበዋል። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አቅልሉ፣ ቆዳውን በውሃ አርጥባችሁ አራግቡለት፣ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው፣ ወይም ከመጀመሪያው ግራ ከተጋባ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከደረሰ ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ እያቀዘቀዛችሁ ርዳታ ጥሩ።

ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ የሚችልበት ርቀት ላይ ናችሁ። ድንኳን፣ ዛፍና የመድረክ ብረት መጠለያ አይደሉም። ጠንካራ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪሞላው አትውጡ። ኃይለኛ ንፋስ ሲነሣ ከስፒከር ማማዎች፣ ከትልልቅ ድንኳኖችና ከማስታወቂያ ሰሌዳዎች ራቁ። ዝናብ ብቻ ከሆነ ግን የዝናብ ልብሱን አልብሱትና ኩሬው ውስጥ ይዝለል።

10. ማታው፣ እሑድና ሰኞ

ልጁ ዓይኑን ማሸት ከጀመረ ቀኑ አልቋል። መነጫነጭ እስኪጀምር የጠበቀ ወላጅ ረፍዶበታል። ማታ ስትንቀሳቀሱ ልጁ ላይና ጋሪው ላይ መብራት ይኑር፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሾፌሮች ትንሽ ልጅ አያዩም። በቅዳሜው ድካም ላይ የእሑዱን ምሽት አትደርቡበት። እሑድን በጠዋት ጀምራችሁ ከሰዓት በኋላ ብትጨርሱት፣ ለጉዞውም ብርሃን ይተርፋችኋል። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው መሪ አይጨብጥ፤ ማን እንደሚነዳ ቅዳሜ ማታ ወስኑና እሱ ቀድሞ ይተኛ።

ቤት ስትደርሱ ገላውን አጥባችሁ ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብትና ከጉልበት እጥፋት መዥገር ፈልጉ፤ ረጅም ሣር ላይ ከዋላችሁ በተለይ። ጆሮውን ደግሞ ጠይቁት፦ «የሚጮህ ነገር አለ? የታፈነ ይመስልሃል?» መናገር የማይችል ከሆነ ስትጠሩት ከወትሮው ይልቅ መዘግየቱን፣ ትልቁ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ማድረጉን አስተውሉ። ጩኸቱ ወይም መታፈኑ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ከቆየ የጆሮ ሐኪም ይየው። ሰኞን የምትችሉ ከሆነ ከሥራ ፈቃድ ውሰዱበት፤ ልጁም እናንተም ትተኛላችሁ፣ የረጠበው ድንኳንም ሳይሻግት ተዘርግቶ ይደርቃል።